በባለ 30ው ሳጥን ውስጥ ስንት ስፒነር አለ?

*ለወንዝና ለሐይቅ ዓሣ ማጥመጃ በሳጥን ተደርድሮ የሚሸጠው የስፒነር ስብስብ ዋጋው ቀላል፣ መልኩ ማራኪ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚቀረው ግን ከተቆጠረው በብዙ ያንሳል።*

ሚያዝያ ሲገባ ፖቶማክ ወንዝ በውኃም፣ በዓሣም፣ በሰውም ይሞላል። በዋሽንግተን ዲሲ ከጆርጅታውን ትንሽ ወደ ላይ ባለው ፍሌቸርስ ኮቭ፣ የቀዘፋ ጀልባ አከራዩ ሥራ ሳይጀምር ሰው መሰብሰብ ይጀምራል። ሻድ የሚባለው ዓሣ ዕድሜውን በውቅያኖስ አሳልፎ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዝ የሚመለስ ነው። ኋይት ፐርችና ስትራይፕድ ባስም በዚሁ ወቅት ሽቅብ ይወጣሉ። ከፍ ብሎ ያለው ሊትል ፎልስ የተባለው አለታማ ፏፏቴ መንገዳቸውን ስለሚያከብድባቸው ከእሱ በታች ይከማቻሉ። ሰዉም ይህን ያውቃል።

ዳርቻው ላይ ስፓኒሽ፣ ቬትናምኛና አማርኛ ከአንድ ድንጋይ ላይ ይሰማሉ። የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ሳይገባ የመጣ ሾፌር አለ። ልጁን ከስልክ ለማላቀቅ ይዞት የወጣ አባት አለ። ሐዋሳ ላይ በልጅነቱ በክርና በመንጠቆ ብቻ ያጠምድ የነበረ፣ አሁን ግን ዘንግና ማጠንጠኛ የገዛ ጎልማሳም አይጠፋም። ወቅቱ ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ስለሚገጥም፣ በዐቢይ ጾም ዓሣ የማይቀምሱት ያጠመዱትን መልሰው ይለቃሉ። አሜሪካን ሻድ የተባለውን ደግሞ የሚጾመውም የማይጾመውም እንዲለቀው ሕጉ ያዛል፤ ቁጥሩ ክፉኛ ተመናምኖ ስለነበር ይዞ መሄድ ክልክል ነው።

አዲስ የመጣውን ሰው ከርቀት የሚያስለየው በእጁ የያዘው ሳጥን ነው። ጠፍጣፋ፣ ክዳኑ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ፤ በየክፍሉ ወርቃማ፣ ብርማ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ነጠብጣብ ያለባቸው ስፒነሮች ተደርድረውበታል። 30 ፍሬ ይላል ሽፋኑ። ዋጋው ጥሩ ስም ካላቸው ስፒነሮች የአራቱን ወይም የአምስቱን ያህል ቢሆን ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሳጥን የገዛ ሰው ሁሉን ነገር እንዳሟላ ይሰማዋል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ያው ሳጥን ሌላ ነገር ይናገራል። ሁለቱ አለት ውስጥ ተቀርቅረው ቀርተዋል። አንዱ ዓሣ ይዞ ሳለ ቀለበቱ ተከፍቶ መንጠቆው ከነዓሣው ሄዷል። አንዱ ቢጎተት ቢጎተት ቅጠሉ አልዞር ብሏል። የቀሩት ሃያ ምናምኑ ውኃ አልነኩም፤ ባለቤቱ የትኛውን ለምን እንደሚመርጥ የነገረው የለም።

ቅጠሉ ሲዞር

ስፒነር ሲፈታ ቀላል ነገር ነው። መሐሉ ቀጥ ያለ ሽቦ ነው። በላይኛው ጫፍ ክሩ የሚታሰርበት ዓይን አለ፤ በታችኛው ጫፍ መንጠቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሦስት ጥርስ። ሽቦው ላይ ክብደት የሚሰጠው አካልና አንድ ሁለት ዶቃ ተሰክተዋል። ከእነዚህ በላይ ጎድጎድ ያለ የብረት ቅጠል በአንዲት ትንሽ ማንጠልጠያ ተይዞ ይንጠለጠላል። ክሩ ሲጎተት ውኃው የቅጠሉን ጉድጓድ ይገፋዋል፤ ቅጠሉ ከሽቦው ተነሥቶ ዙሪያውን ይሽከረከራል። ሥራው በሙሉ ይህ መሽከርከር ነው። መንጠቆው የሚጠብቀው ቅጠሉ የሚያመጣለትን ነው።

የሚሽከረከረው ቅጠል ሁለት ነገር ይሰጣል፤ ብልጭታና ርግብግቢት። ብልጭታውን ሁላችንም እናየዋለን፤ ሱቅ ውስጥ የሚያስገዛንም እሱ ነው። ርግብግቢቱ ግን ለእኛ አይታወቀንም። ዓሣ ከዓይኑና ከውስጣዊ ጆሮው ሌላ፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ በሁለቱም ጎኑ የሚሄድ የጎን መስመር የሚባል የስሜት አካል አለው። በዚህ መስመር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ፀጉር መሰል ሴሎች በአቅራቢያው ያለውን የውኃ ንቅናቄ ይለያሉ። ውኃው ደፍርሶ ዓይን የማይሠራበት ጊዜ ሲመጣ አዳኙ ዓሣ በዚህ ይመራል። ከዝናብ በኋላ እንደ ቡና የሚጠቁረው ፖቶማክ ውስጥ ስፒነር ዓሣ የሚይዘው ስለዚህ ነው።

የቅጠሉ ቅርጽ የሚወስነውም ይህንኑ ነው። ኮሎራዶ የሚባለው ክብ ቅጠል ከሽቦው ርቆ ተከፍቶ ስለሚዞር ውኃውን በኃይል ይመታል፤ ቀስ ተብሎ ሲጎተትም ይሠራል። ዊሎው የሚባለው ረጅምና ቀጭን ቅጠል ሽቦውን ተጠግቶ በፍጥነት ይዞራል፤ ርግብግቢቱ ያነሰ፣ ብልጭታው የበዛ ነው፤ ኃይለኛ ጅረት ውስጥም ወደ ላይ አይነሣም። ኢንዲያና የሚሉት በሁለቱ መካከል ነው። ለድፍርስና ለቀዝቃዛ ውኃ ክቡን፣ ለጠራና ለሚወርድ ውኃ ረጅሙን የሚመርጥ ሰው ገና ከጅምሩ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

> አዳኝ ዓሣ በድፍርስ ውኃ ውስጥ የሚከተለው ቀለምን አይደለም፤ በጎኑ የሚሰማውን የውኃ ንቅናቄ ነው።

ቀለምስ? ዋጋ የለውም አይባልም፤ ግን ሳጥኖቹ የሚሰጡትን ያህል ቦታ አይገባውም። ቀይ ቀለም ጥልቀት ሲጨምር ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል፤ ሱቅ ውስጥ ደምቆ የታየው ቀይ ነጠብጣብ ወደ ታች ሲወርድ ግራጫ ነው። ለብዙው ሥራ ሦስት መልክ ይበቃል፦ ለጠራ ውኃና ለፀሐይ ብርማ፣ ለደመናና ለድፍርስ ውኃ ወርቃማ፣ ለምሽት ደግሞ ከሰማዩ ብርሃን ሥር ጥላው ጎልቶ የሚታይ ጥቁር።

ከወደቀች ማንኪያ እስከ አንቲጎ

የዚህ ዕቃ ታሪክ ሲነገር ጁልዮ ቢዩል የተባለ አሜሪካዊ ቀድሞ ይነሣል። በቨርሞንት ግዛት ባለ ሐይቅ ላይ ጀልባው ውስጥ ሆኖ ሲበላ ማንኪያው ከእጁ አምልጣ ወደቀች፤ እየተገለባበጠች ስትሰምጥ አንድ ትልቅ ዓሣ መጥቶ ነጠቃት ይባላል። ትረካው ትረካ ነው፤ በመዝገብ ያለው ግን ቢዩል እ.ኤ.አ. በ1852 ለሚሽከረከር የብረት ማባበያ የፈጠራ መብት ማግኘቱ ነው።

ዛሬ በየሳጥኑ የምናየው መልክ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። አንድሬ ሙልናር የተባለ መሐንዲስ በ1938 ሜፕስ የሚባለውን ስፒነር ሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ ተመላሽ የአሜሪካ ወታደር ጥቂቶቹን ይዞ ወደ ዊስኮንሲን ገባ፤ ከዚያም በአንቲጎ ከተማ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ የነበረው ቶድ ሼልደን እጅ ደረሱ። የሜፕስ ኩባንያ እንደሚተርከው፣ ሼልደን በ1951 በዎልፍ ወንዝ ሌላው ሁሉ አልሠራ ባለው ቀን በዚያ ስፒነር ትልልቅ ትራውቶች አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ማስመጣቱንና መሸጡን ሥራዬ ብሎ ያዘው። በመንጠቆው ላይ የሚታሰረውን ፀጉርም ብዙ ነገር ሞክረው በመጨረሻ በስኩዊረል፣ ማለትም በዚያ አገር የዛፍ ሽኮኮ ጅራት ላይ ረጉ። ድርጅቱ ሥጋዋን ለምግብ ካደኑ ሰዎች ጅራቷን እስከ ዛሬ ይገዛል።

ይህን የማነሣው ለስሙ ብዬ አይደለም። የአንድ ቅጠል ጉድጓድ ልክ፣ የአንድ ማንጠልጠያ ክብነት፣ የፀጉሩ በውኃ ውስጥ መተንፈስ ሰዎች ለዓመታት የደከሙበት ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው። ርካሹ ሳጥን የሚቀዳው መልኩን ነው። መልኩን መቅዳት ይቻላል፤ አዟዟሩን መቅዳት ግን ትክክለኛ ውፍረት ያለው ብረትና ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ገንዘብ ናቸው።

ቁጥሩ ምን ይቆጥራል?

ወደ ሱቅ እንመለስ። መደርደሪያው ላይ ባለ 10፣ ባለ 16፣ ባለ 30፣ አልፎ አልፎም ባለ 100 የሚል ሳጥን አለ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ቁጥሩ ምን ይቆጥራል የሚለው ነው። አንዳንዶቹ ሻጮች ትንንሽ ቀለበቶችን፣ የክር ማያያዣዎችን፣ ትርፍ መንጠቆዎችን፣ ዶቃዎችን ሁሉ እንደ ፍሬ ይቆጥራሉ። ባለ 100ው ሳጥን ውስጥ እውነተኛ ስፒነር የሚባለው 12 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሽፋኑ አልዋሸም፤ ገዢው ግን የገዛው ሌላ መስሎታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ሠላሳውም ስፒነር ነው እንበል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቀለሙን ይርሱትና በመጠን፣ በክብደትና በቅጠል ቅርጽ ይለዩአቸው። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው አንድ ክምር ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ሠላሳ መስሎ የተገዛው በአንድ ቁጥር ብቻ የተሰፋ ጫማ በሠላሳ ቀለም ሆኖ ቁጭ ይላል። ለዓሣው ያ ሳጥን አንድ ስፒነር ነው።

እዚህ ላይ የሰዎች ሐሳብ ይለያያል፤ ሁሉም የሚደመጥ አለው። ለብዙ ዓመት ወንዙን የሚያውቁት አሥጋሪዎች ስብስብ የሚባለውን ከነአካቴው አይወዱም፤ በዚያው ገንዘብ ሦስት ጥሩ ስፒነር ግዛ ይላሉ። የሱቅ ሠራተኞች ሌላ ያያሉ። ጀማሪ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የያዘውን ለአለትና ለዛፍ ቅርንጫፍ ይገብራል፤ ውድ ስፒነር የጠፋበት ጀማሪ ፈርቶ ውኃው መሐል መወርወር ያቆማል፤ ዓሣው ያለው ደግሞ የሚያስፈራው ቦታ ላይ ነው። ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆችም ሳጥኑን ይከላከላሉ። ልጅ በሳጥኑ መደሰቱ፣ መምረጡ፣ መቀያየሩ የጨዋታው ግማሽ ነው።

የእኔ አቋም ከሱቅ ሠራተኞቹ ይቀርባል፤ ግን ሳጥኑ የሚመረጥበትን መንገድ ይለውጣል። ጥሩ ስብስብ መጠኑ ይለያይ፣ የሠራው ይደገም። 10 ወይም 12 ፍሬ ኖሮት መጠኑ ከትንሹ ቁጥር 0 እስከ ቁጥር 3 የሚሄድ፣ ክብና ረጅም ቅጠል የቀላቀለ፣ ከእያንዳንዱ ደግሞ ሁለት ሁለት ያለው ሳጥን ከማንኛውም ባለ 30 ይበልጣል። መደገሙ ብክነት የሚመስላቸው አሉ። ፖቶማክ ግን ከሁሉ በፊት የሚወስደው የሠራልህን ነው፤ ደጋግመህ የምትወረውረው እሱን ስለሆነ። ሁለተኛው ሳጥኑ ውስጥ ከሌለ ቀኑ እዚያው ያበቃል።

> ጥሩ ስብስብ መጠኑ ይለያይ፣ የሠራው ይደገም።

ክብደቱን ከዘንግ ጋር ማመሳከርም አይረሳ። ከመያዣው ከፍ ብሎ ዘንጉ ላይ የሚወረውረው ክብደት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ተጽፏል። አንድ ስምንተኛ አውንስ የሚለው ስፒነር ወደ 3.5 ግራም ነው፤ ለቀላል ዘንግ ተስማሚ ነው፤ ወፍራምና ደረቅ ዘንግ ግን ከዳርቻው አያርቀውም። ሳጥኑ ጥሩ፣ ዘንጉም ጥሩ ሆኖ ሁለቱ ስላልተገናኙ ብቻ ስፒነር አይረባም ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው።

እጅና ዓይን የሚፈትሹት

ከዋጋው በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ አንዳቸውም ባለሙያ አይፈልጉም።

መጀመሪያ ቅጠሉ። ስፒነሩን በላይኛው ዓይን ይዞ ቅጠሉን እፍ ማለት ነው። ጥሩው በቀላል ትንፋሽ ይዞራል። የሚንቀጠቀጥ፣ ግማሽ ዞሮ የሚቆም ከሆነ ማንጠልጠያው ሸካራ ነው ወይም ቀዳዳው ጠብቧል። ሳጥኑ ታሽጎ ከሆነ ቤት ወስዶ ገንዳ ውስጥ ውኃ ሞልቶ ቀስ እያሉ መጎተት ይቻላል፤ ሲገፋ ብቻ የሚዞር ስፒነር ወንዝ ላይም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ በእጅ ሲነካ ይድናል፤ ማንጠልጠያውን በፒንሳ ትንሽ ከፈት ማድረግ ይበቃዋል።

ቀጥሎ መንጠቆው። ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በቀስታ መሳብ ነው። የተሳለ መንጠቆ ጥፍሩን ቧጥጦ ይይዛል፤ የደነዘ ይንሸራተታል። በርካሽ ሳጥኖች ውስጥ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቅጠሉ በደንብ እየዞረ፣ ዓሣውም እየመታ፣ የሚያዝ ግን የለም፤ ሰውየው ዕድሉን ይወቅሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የታወቀ መንጠቆ አንድ ፓኬት ገዝቶ መቀየር። ባለ አንድ ጥርስ መንጠቆ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ዓሣውን ለመልቀቅ አያስቸግርም፤ በልጅ ጣት ላይም ከባለ ሦስቱ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል። የመንጠቆውን የኋላ እሾህ በፒንሳ መጫን ደግሞ ሁለቱንም ያቀልላል።

ሦስተኛው ቀለበቱ ነው፤ መንጠቆውን ከሽቦው ጋር የሚያገናኘው ጥምዝ ነገር። በሁለቱ ዙር መካከል ብርሃን የሚታይ ከሆነ ትልቅ ዓሣ ይከፍተዋል። የሽቦው የታችኛው ጥምዝም እንዲሁ ይታይ፤ ጫፉ ዞሮ ራሱ ላይ ካልተጠቀለለ ይዘረጋል።

ትንሽ ማግኔት ኪሱ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይማራል። ነሐስ ማግኔት አይስበውም። ወርቃማው ቅጠል ከማግኔቱ ጋር ከተጣበቀ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ ሁለተኛው ዝናብ ሲመጣ ይዝጋል። ያም ሆኖ ጥሩውንም ዕቃ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ነው። እርጥቡን ስፒነር ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ክዳኑን የሚዘጋ ሰው በወሩ የሚከፍተው ዝገት ነው። ማታ ሳጥኑን ከፍቶ ማሳደር ያን ሁሉ ያድናል።

ሳጥኑ የማይነግረን ሌላ ነገርም አለ። ስፒነር ክርን ይገምዳል፤ የሚዞር ነገር ነውና። ከስፒነሩ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ስዊቭል የምትባለዋን ተሽከርካሪ ማያያዣ ማስገባት ግምዱን ይቀንሳል። ይህች ትንሽ ዕቃ ባለመኖሯ ቀኑን ሙሉ የተወሳሰበ ክር ሲፈታ የሚውል ሰው በየዳርቻው አለ።

የትኛው ውኃ፣ የትኛው ዓሣ

ፖቶማክ አንድ ወንዝ ይባል እንጂ ብዙ ነው። በፍሌቸርስ ኮቭ አካባቢ ለኋይት ፐርች የሚሆነው ትንሹ ነው፤ ቁጥር 0 ወይም 1። ከከተማው ወደ ላይ፣ አለቱ በሚበዛበትና ውኃው በሚጠራበት ክፍል የሚገኘው ስሞልማውዝ ባስ ቁጥር 2ና 3 ይወዳል። ይህ ዓሣ፣ በነገራችን ላይ፣ የዚህ ወንዝ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1854 ከኦሃዮ ወንዝ ተፋሰስ ተይዞ በእንፋሎት ባቡር የውኃ ጋን ውስጥ ተራራውን ተሻግሮ ከምበርላንድ ከተማ ላይ ተለቀቀ። ዛሬ ሰው ከሩቅ የሚመጣለት እሱ ነው።

ሌላው እንግዳ ስኔክሄድ ነው። በ2002 በሜሪላንድ ክሮፍተን ከተማ አንድ ኩሬ ውስጥ መገኘቱ አገር አስደነገጠ። በ2004 በፖቶማክ ታየ፤ አሁን የወንዙ ነዋሪ ሆኗል። ሥጋው ነጭና ጠንካራ ስለሆነ ጠብሰው የሚበሉት ያመሰግኑታል፤ በሕይወት እያለ ይዞ መጓዝ ግን በሕግ የተከለከለ ነው። ስኔክሄድ የሚያደፍጠው ሣር ውስጥ ነው። የሳጥኑ ስፒነር እዚያ አይሠራም፤ ባለ ሦስት ጥርሱ መንጠቆ የሚያወጣው ሣር ብቻ ነው። ሣር ላለበት ቦታ ስፒነርቤይት የሚባለው፣ ሽቦው በማዕዘን ታጥፎ ቅጠሉ ከላይ፣ መንጠቆው ከታች የሆነው ይበጃል፤ ሽቦው ሣሩን እየገፋ መንጠቆውን ይከልለዋል። የተገዛው ሳጥን ይህን ዓይነት ከሌለው፣ ቤቱ አጠገብ ያለው ኩሬም በሣር የተሸፈነ ከሆነ፣ ሠላሳውም ፍሬ ለዚያ ሰው አይጠቅምም።

ፈቃድ ነገር ከመወርወር በፊት ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸውን የማጥመጃ ፈቃድ ያወጣሉ፤ 16 ዓመት የሞላው ሰው ያስፈልገዋል። ለቤተሰብ ጠብሶ ለማብላት የሚያጠምድ ደግሞ የትኛው ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ቢበላ ጉዳት እንደሌለው ባለሥልጣናቱ ያወጡትን ምክር ያንብብ። በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ምክሩ ጠበቅ ያለ ነው።

አካሉ ከምን ተሠራ?

የስፒነሩ መካከለኛ አካል ከነሐስ ወይም ከእርሳስ ይሠራል። እርሳስ ርካሽና ከባድ ስለሆነ በብዙ ሳጥን ውስጥ በቀለም ተሸፍኖ ይገኛል። መርዛማነቱ የታወቀ ነው፤ ጭቃ ሲቆፍሩ ወይም ጠጠር ሲውጡ ትንንሽ እርሳስ የዋጡ የውኃ ወፎች ይሞታሉ። ብሪታኒያ ስዋን የሚባሉት የውኃ ወፎቿ በዚህ ይሞቱባት ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1987 ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶችን ለማጥመጃነት ከለከለች። በአሜሪካም ኒው ሃምፕሻየርን የመሳሰሉ ግዛቶች ሉን የምትባለውን ወፍ ለማዳን ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

ለመለየት ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ነጭ ወረቀት ላይ መሳብ ነው፤ እርሳስ ከሆነ ግራጫ መስመር ይተዋል። እንዲህ ያለውን ሳጥን ለልጅ አልሰጥም። ልጅ ስፒነሩን ይነካል፣ ከዚያ ብስኩቱን ይበላል፤ ወንዝ ዳር ደግሞ እጅ የሚታጠብበት ሳሙና የለም። ሽፋኑ ላይ ከእርሳስ ነፃ የሚል ከተጻፈ ለዚያች ቃል ጥቂት ዶላር መጨመር ተገቢ ነው።

ሳጥኑ አገር ቤት ሲሄድ

በዳርቻው ላይ ካሉት አበሾች ብዙዎቹ አንድ ቀን ይህን ሳጥን ይዘው አገር ቤት ለመሄድ ያስባሉ፤ ወይም የእህት ልጅ ላክልኝ ብሏቸዋል። ስለት ያለው ዕቃ ስለሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ቢገባ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ፖቶማክ ላይ ካለው አይለይም፤ የትኛው ውኃ?

ባሌ ከሆነ መልሱ ደስ ይላል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከኬንያ የመጡት ትራውቶች በዌብና በዳንካ ወንዞች ተላምደው ቀርተዋል። ውኃው ቀዝቃዛና የጠራ ነው፤ ቁጥር 0ና 1 የሆነ፣ ብርማ፣ ባለ አንድ ጥርስ መንጠቆ ስፒነር ለዚያ የተሠራ ይመስላል። ከሳጥኑ ትልልቆቹን አውጥቶ ትንንሾቹን መላክ ነው።

ጣና ይለያል። ዓለም የሚያውቀው በቆሮሶውና በአምባዛው ሳይሆን በቢልጫው ዝርያዎች ነው፤ ሳይንቲስቶች በሐይቁ ውስጥ የለዩአቸው 15 የሚሆኑ ትልልቅ የዚህ ወገን ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ ስምንቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው የካርፕ ዘመድ ዓሣ አዳኝ መሆኑ ራሱ በዓለም ብርቅ ነው። ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ በክረምት አፈር ስለሚያወርዱበት ሐይቁ ድፍርስ ነው፤ ስለዚህ ክብ ቅጠል ያለውና ወርቃማው፣ ቁጥር 2 እስከ 4፣ ተስማሚ ነው። ግን በነሐሴና በመስከረም ወደ ወንዞቹ አፍ አይኬድ። ብዙዎቹ የቢልጫ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ለመጣል በዚያ ወቅት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ ወዲህ ክፉኛ የተመናመኑትም መግቢያው ላይ ሲጠበቁ ነው። ስፒነር የመረቡን ያህል አያጠፋም፤ ቢሆንም ሊወልድ የሚወጣን ዓሣ የወንዙ አፍ ላይ ቆሞ መጠበቅ አይገባም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 እንዲሁም የክልሎቹ ሕግ አለ፤ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ላክልኝ ያለው ሰው አርባ ምንጭ የሚኖርና ጫሞ ላይ የሚያጠምድ ከሆነ ግን ሳጥኑን ይተዉት። ነጭ ዓሣ የሚሉት የናይል ፐርች የሳጥኑን ቀለበት በአንድ ጭንቅላት ውዝዋዜ ይከፍተዋል፤ ጥርሳሙ የነብር ዓሣ ደግሞ ክሩን ይበጥሳል። በዚያው ገንዘብ ሁለት ትልልቅ ስፒነር፣ ወፍራም ቀለበት፣ ጠንካራ መንጠቆና ጥርስ የማይበጥሰው የሽቦ ማያያዣ ገዝተው ይላኩ፤ ከውኃው ጠርዝም ርቆ እንዲቆም ይንገሩት፤ ጫሞ የአዞ ሐይቅ ነው።